ትምህርት ቤቶች በምን ይመዘኑ? ከአስኮ የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
ለከተማው የትምህርት ጥራት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን
ለትምህርት ሚኒስቴር እና ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚለኩበትና የሚወዳደሩበት መንገድ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

ክቡራን ኃላፊዎች፤

የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ ኮልፌ ቀራንዮ፣ አስኮ የሚኖር ወላጅ ነው። ብዕር ያስነሣው የአንድ ተማሪ ውጤት ወይም የአንድ ርእሰ መምህር ጥፋት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር ትምህርት ቤቶች ሁሉ በአንድ ፐርሰንት ተሰልፈው ጎበዝና ሰነፍ የሚባሉበት አሠራር ነው። ስንት አስፈተነ? ስንት አሳለፈ? ከዚህ ያለፈ ጥያቄ ሲነሣ አይሰማም።

አኃዞቹን ከማንም በላይ የምታውቋቸው እናንተ ናችሁ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በ2015 ከ845,188 ተፈታኞች 27,267፣ በ2016 ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 አለፉ። መስከረም 2018 ላይ የተገለጸው የ2017 ውጤት ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929ኙ ማለፋቸውን አሳየ፤ 8.4 በመቶ። ከእነዚህ ጋር በየዓመቱ አብሮ የሚነገር ሌላ ቁጥር አለ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ብዛት። በ2014 ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች 1,161ዱ፣ በ2015 ከ3,106ቱ 1,328ቱ፣ በ2017 ደግሞ 1,249 ትምህርት ቤቶች በዚህ መዝገብ ሰፍረዋል። በዚያው በ2017 ያስፈተኗቸውን በሙሉ ያሳለፉት 50 ነበሩ።

ፈተናው መጥበቁን የሚቃወም አስተዋይ ወላጅ የለም። ኩረጃ ልማድ በሆነበት ዘመን የወጣ ውጤት ለተማሪውም ለአገሪቱም የሚጠቅም እንዳልነበረ ይታወቃል። ቅሬታው ያለው ከፈተናው በኋላ ባለው ነገር ላይ ነው። የተማሪን እውቀት ለመለካት የተዘጋጀ ፈተና እንዳለ ተወስዶ የትምህርት ቤት መለኪያ ሆነ። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም።

ቁጥሩ አስኮ ሲደርስ የሚያደርሰውን ማየት ይበቃል። አስኮ የጫማና የጠርሙስ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የቀን ሠራተኛ፣ የጉሊት ነጋዴና ደመወዝተኛ ተጎራብቶ የሚኖርበት ሰፈር ነው። ውጤት በወጣ ሰሞን አቅም ያለው ወላጅ ደህና ውጤት ያለውን ልጁን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አውጥቶ ወደ ግል ያዛውራል። የግሉ ትምህርት ቤት በበኩሉ በመግቢያ ፈተና ለይቶ ይቀበልና የአላፊዎቹን ፎቶ በባነር አትሞ በሩ ላይ ይሰቅላል። የመንግሥቱ ትምህርት ቤት የቀሩትን ይዞ ይቀጥላል። ጎበዞቹ ስለወጡ የሚቀጥለው ዓመት ፐርሰንቱ ይወርዳል፤ ፐርሰንቱ ስለወረደ ደግሞ ሌሎች ጎበዞች ይወጣሉ። ዝውውር የሚጠይቅ መምህር ይበዛል፤ ርእሰ መምህሩ በየግምገማው ይወቀሳል። በዚህ ሁሉ መሃል ትምህርት ቤቱ ማስተማሩ ተሻሽሎ ወይም ተበላሽቶ እንደሆነ ያየ ሰው የለም፤ የተቀየረው የተማሪው ስብጥር ሊሆን ይችላል።

መርካቶ ውስጥ አንድ ነጋዴ አተረፈ የሚባለው የሸጠበት ዋጋ ብቻ ታይቶ አይደለም፤ የገዛበት ይጠየቃል። በትምህርት ቤት ላይ ግን የመሸጫው ዋጋ ብቻ ይነገራል። የመጀመሪያው ቅሬታ ይህ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት በምናብ ሁለት ትምህርት ቤቶችን እንውሰድ። “ሀ” በ8ኛ ክፍል ፈተና በአማካይ 85 ያመጡ ልጆችን መርጦ ይቀበላል፤ ተማሪዎቹ 12ኛ ክፍል ላይ ከ600 በአማካይ 420 ያመጣሉ፤ ሁሉም ያልፋሉ። “ለ” በአማካይ 52 ያላቸውን፣ በሰፈሩ የተመደቡለትን በሙሉ ይቀበላል፤ ተማሪዎቹ በአማካይ 270 ያመጣሉ፤ ከአሥር አንዱ ብቻ ያልፋል። በዛሬው አቆጣጠር ሀ ይሸለማል፣ ለ ይወቀሳል። አሁን አንድ መረጃ እንጨምር። በከተማው በ85 የገቡ ተማሪዎች በአማካይ 440 የሚደርሱ፣ በ52 የገቡት ደግሞ በአማካይ 210 ላይ የሚቀሩ ቢሆኑስ? ሀ ከሚጠበቅበት 20 ነጥብ ጎድሏል፤ ለ ከሚጠበቅበት 60 ነጥብ በልጧል። ልጁን የት እንደሚያስገባ ለሚያመነታ ወላጅም፣ በጀት ለሚመድብ ኃላፊም የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው መረጃ ነው።

ምርጫ በውጤት ላይ ያለው ጉልበት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከአስኮ ወደ መሃል ከተማ ሲወረድ የሚገኘው ጄነራል ዊንጌት በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሲከፈት ከየጠቅላይ ግዛቱ ተመርጠው የመጡ ተማሪዎች በአዳሪነት የሚማሩበት ሁለተኛ ደረጃ ነበር። አገር የመሩ ሰዎችን አፍርቷል፤ መለስ ዜናዊ አንዱ ናቸው። ዝናው የሚገባው ነው። ሆኖም ከዝናው ስንቱ የመምህራኑ ሥራ፣ ስንቱ የምርጫው ፍሬ እንደሆነ ለይቶ የሚያሳይ መዝገብ የለም። ዛሬም መቐለ እንዳለው እንደ ቃላሚኖ ያሉ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተማሪ የሚቀበሉት በመግቢያ ፈተና ነው። እነሱን ከሰፈር ትምህርት ቤት ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ማሰለፍ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ስድብ፣ ለልዩ ትምህርት ቤቱም ያለ ልፋት የተገኘ ሙገሳ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ የ50 በመቶውን መስመር ይመለከታል። ከ600 299 ያመጣ ተማሪ በትምህርት ቤቱ ፐርሰንት ውስጥ ከ120 ነጥብ ባለቤት ጋር እኩል ይቆጠራል፤ ሁለቱም ዜሮ ናቸው። ተማሪዎቹን በአማካይ ከ160 ወደ 240 ያሳደገ ትምህርት ቤት ቢኖር እንኳ አንድ ሰው 300 ካልደረሰለት ስሙ “አንድም ካላሳለፉት” ጋር ይነበባል። በዚህ ሚዛን ብልጥ የሆነ ርእሰ መምህር ጉልበቱን የሚያፈሰው መስመሩ ጠርዝ ላይ ባሉት ጥቂት ልጆች ላይ ነው። ከታች ያሉትን ማንሣት የሚያስመሰግን አይደለምና።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው፤ ፐርሰንቱ ከየት ላይ እንደሚሰላ። የ2017ቱ 48,929 አላፊዎች በ2014 ለተፈተኑት ተማሪዎች ቁጥር ቢካፈሉ የማለፍ ምጣኔው 8.4 ሳይሆን 5.5 በመቶ ገደማ ይሆን ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ የተፈታኙ ቁጥር ከ310 ሺህ በላይ ቀንሷል። ከመሻሻሉ አንዱ ክፍል የእውነት ነው፤ የአላፊው ቁጥር በ19 ሺህ ጨምሯልና። ሌላው ክፍል ግን የመጣው አካፋዩ ስላነሰ ነው። በግጭት የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች፣ ያቋረጡ፣ የደገሙ፣ ሥራ ፍለጋ የሄዱ ልጆች በፐርሰንቱ ውስጥ የሉም።

በአንድ ትምህርት ቤት ደረጃ ሲታይ ነገሩ ይብሳል። አሁንም ለምሳሌ ያህል 200 ተማሪዎችን 9ኛ ክፍል የተቀበለ ትምህርት ቤት 120 አስፈትኖ 12 ቢያሳልፍ ውጤቱ 10 በመቶ ይባላል። ጎረቤቱ እንዲሁ 200 ተቀብሎ፣ ደካሞቹን በየክፍሉ አንጠባጥቦ ወይም መሸኛ ሰጥቶ 60 ብቻ አስፈትኖ 12 ቢያሳልፍ 20 በመቶ ተብሎ ይጨበጨብለታል። ሁለቱም ከተቀበሏቸው 200 ልጆች ያሳለፉት 12 ነው። ሁለተኛው ግን 140 ልጆችን መንገድ ላይ ጥሏል፤ የተሸለመውም በጣላቸው ልክ ነው። ይህ ሥጋት የቅናት ወሬ አይደለም። የእንግሊዝ የትምህርት ቤት ኢንስፔክሽን መሥሪያ ቤት ኦፍስቴድ፣ ውጤታቸውን ለማሳመር ተማሪዎችን ከመዝገብ የሚያስወጡ ትምህርት ቤቶችን በይፋ መከታተል ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል።

አስኮ ውስጥ ልጅ ለምን እንደሚያቋርጥ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው ምገባ ብዙ ቤት አሳርፏል፤ ለዚህ አስተዳደሩ ምስጋና ይገባዋል። ምገባው ግን የተዘረጋው ከቅድመ አንደኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉት ነው። ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ የምሳው ወጪ ወደ ቤት ይመለሳል። በዚያው ዓመት ዕድሜው ለሥራ ይደርሳል፤ ከእናቱ ጋር ጉሊት የሚቀመጥ፣ ከክፍል በኋላ ሸክም የሚሠራ ልጅ ይኖራል። ይህን ሁሉ ተቋቁሞ ልጁን 12ኛ ክፍል ያደረሰ ትምህርት ቤት፣ ልጁ 300 ባይሞላለትም፣ አንድ ቁም ነገር ሠርቷል። በዛሬው መለኪያ ይህ የሚመዘገብበት ቦታ የለም።

ክቡራን ኃላፊዎች፤

ከፈተናው ፐርሰንት ሌላ ኢንስፔክሽን እንዳለ ጸሐፊው አልዘነጋም። ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው ማዕቀፍ 26 ስታንዳርዶች አሉት። ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 በመቶ ይሰጥና ድምሩ ከ50 በታች የሆነው ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ያለው ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ያለው ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ 4 ይባላል። በዚሁ መለኪያ ከአገሪቱ 47 ሺህ ገደማ ትምህርት ቤቶች ከ85 በመቶ በላዩ ከደረጃ በታች መሆናቸውን ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ገልጿል።

ማዕቀፉ ጉድለትን ለማሳየት ጥሩ ነው፤ ለማወዳደር ግን አይመችም። ምክንያቱም ግብዓትንና ውጤትን ይደምራል። ቤተ ሙከራ፣ ቤተ መጻሕፍትና ሰፊ ግቢ ያለው ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ከማስተማሩ በፊት ነጥብ ይዞ ይጀምራል። ቤተ ሙከራ ያልተሠራለት፣ በአንድ ክፍል ከተቀመጠው የ40 ተማሪ መስፈርት በላይ አጭቆ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ደግሞ መንግሥት ባላሟላለት ነገር ይቀጣል። በጥቂት ግብዓት ብዙ የሠራው ትምህርት ቤት በርትቷል ሊባል ሲገባው፣ ቀመሩ ግብዓቱ ስላነሰ ነጥቡን ይቀንስበታል። ብዙ ተሰጥቶት ጥቂት የሠራው ደግሞ በተሰጠው ብዛት ይሸፈናል። ግብዓትና ውጤት ጎን ለጎን እንጂ ተደምረው መታየት አልነበረባቸውም።

በዚህ ችግር ሌሎችም አልፈዋል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ቻርንስ፣ ኩፐርና ሮድስ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ድሃ ልጆችን ለማገዝ የተቋቋመ የትምህርት ፕሮግራምን ሲመዝኑ፣ የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት ውጤት ከግብዓቱ አንጻር ከሌሎች ጋር የሚያነጻጽር ስሌት ፈጠሩ። በ1978 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ ዘዴ ዛሬ ከሆስፒታል እስከ ባንክ ይሠራበታል። እንግሊዝ ደግሞ የትምህርት ቤቶችን ውጤት በሰንጠረዥ ማተም የጀመረችው በ1992 እ.ኤ.አ. ነበር። እንደኛው ጥሬ ፐርሰንት ነበር የምታትመው፤ ቅሬታው በረታና በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. የተማሪውን መነሻ ወደሚያይ ስሌት ተሸጋገረች። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ የሚነጻጸረው አንደኛ ደረጃን በተመሳሳይ ውጤት ከጨረሱ እኩዮቹ ጋር ነው። ዌልስ በ2001 እ.ኤ.አ. ሰንጠረዡን ማተም ጭራሹን ተወች። ኦፍስቴድም በ2024 እ.ኤ.አ. ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች በጥቅሉ ይሰጥ የነበረውን ባለ አንድ ቃል ደረጃ አቆመ።

ከእንግሊዝ ልምድ አንድ ነገር በተለይ ልብ ሊባል ይገባል። በኮሮና ምክንያት የ2020 እና የ2021 እ.ኤ.አ. የአንደኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዎች ስላልተሰጡ፣ እነዚያ ልጆች ሁለተኛ ደረጃን በሚጨርሱባቸው ዓመታት መንግሥት የዕድገት መለኪያውን እንደማያወጣ አሳውቋል። መነሻው ከሌለ ዕድገቱ አይሰላም፤ ስለዚህ ተወው። እኛ ዘንድ ተመሳሳይ ጥንቃቄ አልታየም። በ2016 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል የተፈተኑት፣ ክፍል ሳይደግሙ የመጡት፣ በ2012 ዓ.ም. 8ኛ ክፍል የነበሩ ናቸው። በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። የእነሱን ውጤት ከቀጣዩ ዓመት ጋር አነጻጽሮ ትምህርት ቤቱ ተሻሻለ ወይም ደከመ ማለት ችኮላ ነው።

ደግነቱ አብዛኛው የሚያስፈልገው መረጃ ከእጃችሁ አልወጣም። የ8ኛ ክፍል ውጤት ያለው በከተማው ትምህርት ቢሮ ነው፤ የ12ኛው በፌዴራሉ ፈተናዎች አገልግሎት። የተማሪ ቁጥር፣ ያቋረጡና የደገሙ፣ የመምህራን ብዛትና የትምህርት ደረጃ በየዓመቱ ከየትምህርት ቤቱ ይሰበሰባል። የጎደለው ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኝ ሥራ ብቻ ነው።

አንድ እውነተኛ እንቅፋት ግን አለ፤ የሚታየውም ከአስኮ ነው። ከአስኮ በሳንሱሲ በኩል ትንሽ ሲኬድ ቡራዩ ይመጣል። ቡራዩ ዛሬ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የሸገር ከተማ አካል ነው። በዚያ ያለ ልጅ የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚወስደው በኦሮሚያ፣ አስኮ ያለው ደግሞ በአዲስ አበባ ሥር ነው። ፈተናዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ የአንዱ 60 ከሌላው 60 ጋር እኩል መሆኑ አይታወቅም። ሁለቱ ልጆች 12ኛ ክፍል ላይ ለአንድ ፈተና ይቀመጣሉ። አገር አቀፍ ንጽጽር ለማድረግ በክልሎቹ ፈተናዎች ውስጥ ጥቂት የጋራ ጥያቄዎችን ማካተት ወይም 9ኛ ክፍል መግቢያ ላይ አጭር የጋራ ምዘና መስጠት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ውስጥ ለሚደረገው ንጽጽር ግን ይህን መጠበቅ አያስፈልግም፤ የከተማው ልጆች የሚፈተኑት አንድ ፈተና ነውና።

ስለዚህ የአስኮው ወላጅ የሚከተለውን በአክብሮት ይጠይቃል።

አንደኛ፣ የትምህርት ቤቶች የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲገለጽ የተማሪዎቹ የ8ኛ ክፍል አማካይ ውጤት አብሮ ይገለጽ። ትምህርት ቤቱም ተመሳሳይ መነሻ ካላቸው ተማሪዎች የከተማ አማካይ ጋር ይነጻጸር።

ሁለተኛ፣ ከፐርሰንቱ ጎን 9ኛ ክፍል ከገቡት ተማሪዎች ስንቱ ለፈተና እንደደረሱ ይጻፍ። መሸኛ ወስደው የወጡት የት እንደገቡ ይጣራ። ልጅን ማባረር ውጤት የሚያሳምር መንገድ መሆኑ ይቁም።

ሦስተኛ፣ የአላፊው ቁጥር ብቻውን አይነገር። አማካይ ነጥቡና ተማሪዎቹ ከ200 በታች፣ ከ200 እስከ 300 እና ከዚያ በላይ እንዴት እንደተከፋፈሉ ይታይ። አነስተኛ ትምህርት ቤት በጥቂት ልጆች ውጤት ስለሚወዛወዝ የሦስት ዓመት አማካይ ይወሰድ።

አራተኛ፣ በኢንስፔክሽን ሪፖርት ግብዓትና ውጤት ሳይደመሩ ለየብቻ ይቅረቡ። ግብዓት ሲጎድል ተጠያቂው ርእሰ መምህሩ ነው ወይስ በጀት ያዡ አካል? ይህም ተለይቶ ይጻፍ። ልዩ አዳሪዎችና በመግቢያ ፈተና የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች ከሰፈር ትምህርት ቤቶች ጋር በአንድ ዝርዝር አይሰለፉ።

አምስተኛ፣ አዲሱ መለኪያ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ለሽልማትና ለቅጣት አይዋል። መጀመሪያ ድጋፍ ለማን እንደሚያስፈልግ ያሳይ። ካልሆነ እሱም በተራው የሚታለል ቁጥር ይሆናል።

ይህ ጥያቄ ለደካማ ትምህርት ቤት መደበቂያ እንዳይሆን የሚሠጉ ይኖራሉ፤ ሥጋቱ ተገቢ ነው። ዩኒቨርሲቲ የልጁን መነሻ አይጠይቅም፤ ቀጣሪውም እንዲሁ። ስለዚህ የ50 በመቶው ቁጥር ይሰረዝ ያለ የለም፤ ብቻውን አይቁም ነው የተባለው። እንዲያውም የዕድገት መለኪያው ዛሬ በዝና ተሸፍነው የተቀመጡትን ያጋልጣል። ጎበዝ ተቀብለው ጎበዝ የሚያስረክቡ፣ በመሃል ግን ብዙም ያልጨመሩ ትምህርት ቤቶች ካሉ፣ ከፍተኛ ክፍያ የሚከፍሉ ወላጆች ይህን የማወቅ መብት አላቸው።

ቢሮው ሥራውን በአንድ ክፍለ ከተማ ቢጀምር ኮልፌ ቀራንዮ የሚመች ቦታ ነው። የመንግሥትና የግል፣ የቆዩና አዲስ የተከፈቱ፣ በከተማው ዳርና ወደ መሃል የቀረቡ ትምህርት ቤቶች በአንድ ላይ ይገኙበታል። የተማሪዎች ስም ሳይጠቀስ የ2013ቱ የ8ኛ ክፍል ውጤት ከ2017ቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ጋር ቢገናኝ የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ይወጣል። የወላጅና መምህራን ኅብረት አባላት ለመወያየት ፈቃደኛ እንደሚሆኑ ጸሐፊው ያምናል።

የሚቀጥለው የ12ኛ ክፍል ውጤት ከመገለጹ በፊት በጥያቄዎቹ ላይ የቢሮውና የአገልግሎቱ አቋም በይፋ እንዲነገር፣ የማይቻል ካለም ምክንያቱ እንዲገለጽ በአክብሮት ይጠየቃል። አስኮ ያሉ ወላጆች ልጆቻቸውን 9ኛ ክፍል የሚያስመዘግቡበት ጊዜ ሩቅ ስላልሆነ መልሱ ከዚያ በፊት ይደርሳል የሚል ተስፋ አለ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የአስኮ ነዋሪ የሆነ ወላጅ
ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ